የቀኝ ጎኑ ታምቡር

ለወንድም ጋሼ ሰዓድ፣ ኮምቦልቻ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ እንዴት ነው? አምና ክረምት ያስቸገረህን ወገብህን ዘንድሮ ዝናቡ ሳይገባ ለሐኪም አሳየኸው ወይስ እንደ ልማድህ በፎጣ ጥፍር አድርገህ አስረህ ዝም አልክ? ፈዲላ እንዴት ናት? እናታችን እንዴት ውላ ታድራለች? ከመስገጃዋ ስትነሳ የሚደግፋት ሰው አጠገቧ አለ? ልጅህ ዓብዱ ፈተናውን ጨረሰ? አረፋን እንዴት አሳለፋችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን። ሀጀር ደህና ናት። ልጃችን ሳና ከኮሌጅ ለክረምት ተዘግቶላት ቤት ነች፤ ስልኳን ይዛ ትውላለች። እዚህ ቦሌ ሚካኤል ዝናቡ ስለጀመረ የጋራዡ በር ጭቃ ሆኗል፤ ሁለት ጋሪ ጠጠር አስደፍቼበታለሁ።

ስልክ ብደውል እንደማትሰማኝ አውቃለሁ። ዓብዱ መሃል ገብቶ ጆሮህ ላይ እየጮኸ እንዲነግርህም አልፈለግኩም። በሦስተኛ ሰው አፍ የሚነገር ነገር አይደለም። ስለዚህ ጻፍኩት። የሚያደርስልህ የምታውቀው የደሴ ሚኒባስ ሹፌር ነው። ረጅም ስለሆነ ወፍጮውን አጥፍተህ፣ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ነገሩ የአቶ ግርማይ መኪና ነው። ያቺ ፕላይማውዝ። ባለፈው ሳምንት የኋላ ታምቡሮቿን፣ ፍሬኑ ከውስጥ የሚይዛቸውን ክብ ብረቶች፣ ሁለቱንም አወረድኩ፤ የቀኙን አክስልም አወጣሁ። ውስጣቸውን አይቻለሁ።

አንተ ታሪኩን ከእኔ የበለጠ ታውቀዋለህ። ቢሆንም እኔ በማስታውሰው መንገድ ልጻፈውና የተሳሳትኩት ካለ አርመኝ። በ1984 ነሐሴ ገርጂ በነበረው ጋራዥ የኋላ ፍሬኗን ሠራን። ግራውን አንተ ያዝክ። ቀኙን ለእኔ ሰጠኸኝ፤ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ "በል አሁን ሰው ሆነሃል፣ በዚያ በኩል ግባ" አልከኝ። በስምንተኛው ቀን አቶ ግርማይ ባለቤታቸውን ወይዘሮ አለምን ይዘው በዝናብ የኮተቤን ቁልቁለት ሲወርዱ ፍሬን ያዙ። መኪናዋ ዞረችና በጎኗ ከድንጋይ አጥር ጋር ተላተመች። እሳቸው ተረፉ። የወይዘሮ አለም ጭን ተሰበረ። አቶ ግርማይ ጋራዥ መጥተው ማን እንደሠራው ሲጠይቁ ቀድመኸኝ "ሁለቱንም ጎን እኔ ነኝ" አልክ። እሳቸውም አልጮኹም፤ ከእንግዲህ የሰው መኪና እንዳትነካ ነግረውህ ሄዱ። መኪናዋን አስጎትተው ግቢያቸው አስገቡና ማንም እንዳይከፍታት አሉ።

በማግስቱ ለእኔ የነገርከኝን አልረሳሁም። የአክስሉ ዳዶ እንዳይላላ የሚይዘውን ኮፒሊያ አጥተህ ሚስማር ቆርጠህ አጥፈህ ማስገባትህን ነገርከኝ። "ሚስማሩ ተቆርጦ ዳዶው ላልቶ ነው፣ ሌላ ምንም ሊሆን አይችልም" አልክ። በወሩ ዕቃህን ለእኔ ትተህ ኮምቦልቻ ገባህ፣ ወፍጮ ቤት ተቀጠርክ፣ ወፍጮውም የራስህ ሆነ። ጆሮህ የደከመው እዚያ ነው። በሄድኩ ቁጥር ስለዚያ ሚስማር ሳታነሳ የተለያየንበት ቀን የለም። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ።

አሁን የሆነውን ልንገርህ።

አረፋ በዋለ በሦስተኛው ቀን፣ ሰኞ፣ ገመዳ ወደ ጋራዡ መጣ። ገመዳ እኛ ሰፈር ቶርኖ ቤት ያለው ሰውዬ ነው፤ ከዚህ በፊት ጽፌልሃለሁ፣ ብረት ይወዳል፣ ወሬ ደግሞ ከብረትም ይበልጥ። ከቦሌ መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለ አንድ የቆየ ግቢ ለሕንፃ ስለተሸጠ ባለቤቲቱ ወሩ ሳያልቅ ሊለቁ ነው፣ ግቢው ውስጥ አንዲት አሮጌ መኪና አለች፣ የኋላ ጎማዎቿ አልዞር ብለዋል፣ ገዢ ተገኝቶ ነበር ግን ተገፍታ ካልወጣች አልወስድም ብሏል፣ ካልሆነ ብረት ገዢዎች እዚያው ቆራርጠው ይጭኗታል አለኝ። ተከትዬው ሄድኩ። በሩ ሲከፈት ግቢው የአቶ ግርማይ መሆኑን ያወቅኩት ድሮ በማውቀው ዛፍ ነው። መኪናዋ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆማለች። አንድ ጎኗ እንደተጨረማመተ ነው።

ወይዘሮ አለም በከዘራ ወጡ። ሰማንያ አልፏቸዋል። አቶ ግርማይ ካረፉ ዘጠኝ ዓመት እንደሆናቸው ነገሩኝ። እኔን አላወቁኝም፤ በምን ያውቁኛል፣ ያኔ ቀጫጫ ጎረምሳ ነበርኩ፣ አሁን መላጣ ነኝ። ጎንበስ ብዬ ጎማውን ሳይ ከኋላዬ ቆመው "ተጠንቅቀህ ንካት፤ መጨረሻ የነካት መካኒክ እኔን አንካሳ አድርጎ ነው የሄደው" አሉ። ገመዳ ሳቀ። ማንነቴን ያኔውኑ መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። መጀመሪያ ውስጡን ልይ ብዬ ነው። ሚስማሩ ተቆርጦ ካገኘሁት ለእሳቸውም ለአንተም ምን እንደምል አላወቅኩም ነበር።

ሥራው ከባድ ነበር። የፍሬን ሸራው በዝገት ከታምቡሩ ጋር ተጣብቋል። ታምቡሩ ደግሞ፣ እንደምታውቀው፣ ሾጣጣው አክስል ላይ ተጠርቅሞ የሚቀመጥ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ከቆመ በኋላ ሁለቱ አንድ ብረት ይሆናሉ። ከእኔ በፊት አንድ ብረት ገዢ የግራውን ጎማ ልፍታ ብሎ ሁለት ብሎን ቆርጧል። ይቺ መኪና በግራ ጎኗ ያሉት ብሎኖች ወደ ቀኝ እንደሚፈቱ አያውቅም። ለገመዳ ያን ስነግረው አላመነኝም፤ አንዱን በሁለት ጣት ገፋ አድርጌ ሳሳየው ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀኝ። ወንድሜ ነው አልኩት።

ገመዳ ባሥር ኪሎው መዶሻ ጠርዙን እንደብድበው ብሎ ነበር። ከለከልኩት። ታምቡሩ ከተሰነጠቀ አገር ውስጥ ሌላ አይገኝም፣ አክስሉ ጫፍ ላይ ከተመታ ደግሞ ጥርሱ ይጨፈለቃል። ይልቅ ከአሮጌ የጭነት መኪና ብረት ወፍራም ሰሌዳ ቆርጦ አምስት ቀዳዳ አወጣለት፤ በጎማው ብሎኖች ቦታ ታምቡሩ ላይ ይታሰራል፤ መሃሉ ላይ ትልቅ ብሎን አለው፣ ሲጠብቅ የአክስሉን ጫፍ እየገፋ ታምቡሩን ወደ ውጭ ይስባል። መንቀያ ማለት ይኸው ነው። አንተ በሠራኸው ዓይነት ነው ያሠራሁት፣ ያንተ ግን ሦስት ቀዳዳ ነበረው።

የግራው አንድ ሳምንት ሙሉ ፈጀብን። ነጭ ጋዝ በናፍጣ ለውሰን ጠዋት ማታ አጠጣነው፣ ሸራውን ከኋላ በኩል አላላን፣ መንቀያውን እያጠበቅን የብሎኑን አናት መታ መታ አደረግን። በሁለተኛው ሰኞ፣ ሰኔ ዘጠኝ ቀን፣ ጧ ብሎ ለቀቀ። ሚስማሩ ነበረበት። ወንድም ጋሼ፣ መንቀያውን ከማሰሬ በፊት ቅባቱን ጠርጌ ያየሁት እሱን ነው። እንዳጠፍከው ታጥፎ ቁጭ ብሏል፤ ዝጓል እንጂ አልተቆረጠም፣ አልተንቀሳቀሰም። እሱን ካወጣሁ በኋላ ዳዶውን ለማላላት ቁልፉ ላይ ሁለት ሜትር ቧንቧ አግብተን እኔና ገመዳ ተንጠልጥለንበታል። ታምቡሩ ከወረደ በኋላ ውስጡን አየሁት። ሸራው ደረቅ ነው። ዘይት የለም። መሳቢያ ሞላዎቹ በቦታቸው ናቸው። አንተ የሠራኸው ጎን ምንም የለበትም።

የዚያን ቀን ቤት ገብቼ ደብዳቤ ጀምሬልህ ነበር። "ሚስማሩ አይደለም" ብዬ ጀምሬ፣ ምናልባት መንገዱ ነው፣ ምናልባት የአቶ ግርማይ አነዳድ ነው እያልኩ አንድ ገጽ ሞላሁ። ከዚያ ቀኙ እንዳልተከፈተ ትዝ አለኝና ወረቀቱን አጥፌ አስቀመጥኩት። አሁን ቀድጄዋለሁ።

የቀኙ ከግራው የባሰ ሆነ። ማክሰኞም ረቡዕም አልንቀሳቀስ አለ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ አለም ወጥተው፣ ነገ የሰኔ ሚካኤል ስለሆነ ግቢያቸው ውስጥ የመዶሻ ድምፅ እንዳይሰማ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ እንግዶችም እንዳሉባቸው ነገሩን። ገመዳ ወሩ እያለቀ መሆኑን ሊያስረዳቸው ሞከረ። እሳቸው ሚካኤል ሠላሳ ሦስት ዓመት የጠበቀ አንድ ቀን ቢጨምር እንደማይቸገር መለሱለት። እኔም ለገመዳ ተወው አልኩት። መንቀያውን ጉልበቴ እስከፈቀደልኝ አጠበቅኩት። ታምቡሩ ድንገት ቢለቅ ዘሎ ሰው እንዳይመታ ዳዶውን ጥቂት ጥርስ መልሼ አስገባሁበት። ሰው እንዳይጠጋው ነግሬያቸው ሄድን።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ስልኬ ጠራ። ወይዘሮ አለም ናቸው። መኪናው ተኮሰ አሉኝ። እንግዶቹ በረንዳ ላይ ዳቦ ቆርሰው ሳሉ ከቆርቆሮው ሥር እንደ ጠመንጃ ጮኾ፣ አንድ ጡረተኛ ሻለቃ ወንበር ሥር እንደገቡ፣ ሌላው ሁሉ እሳቸውን አይቶ እንደተኛ ነገሩኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ የሰማሁት ያኔ ነው። ስደርስ እንግዶቹ መኪናዋን ከበዋታል፤ ሚካኤል ፈታው ይላሉ። እኔ ብረት ተወጥሮ ከቆየ በራሱ ጊዜ እንደሚለቅ፣ አንተም ቸኩለን ስንደበድብ "ወጥረህ ተወው፣ ሂድና ምሳህን ብላ" ትለን እንደነበር አውቃለሁ። ግን ክርክር አላነሳሁም። ገመዳ ብቻ ቀስ ብሎ፣ ሚካኤል መንቀያ የተዋሰው ከእኔ ነው አለኝ። ታምቡሩ አንድ ጣት ያህል ወጥቶ ዳዶው ላይ ቆሟል። በዓሉን አክብሬ ሳልነካው ተመለስኩ።

አርብ ጁምዓ ሰግጄ ሄድኩ። ዳዶውን ፈትቼ ታምቡሩን በእጄ ሳብኩት፤ ምንም ሳያስቸግር ወጣ። ከውስጡ ጥቁር የደረቀ ዝቃጭ ፈሰሰ። ሸራዎቹ ሁለቱም በዘይት ርሰው እንደ ሬንጅ ሆነዋል። ይህ ጎን ፍሬን ሲያዝ ምንም አይዝም ነበር ማለት ነው። ግራው ብቻ ይዞ በዝናብ ቁልቁለት ላይ መኪናዋን አዞራት። ዘይቱ ከየት እንደመጣ ለማየት አክስሉን ማውጣት ነበረብኝ። ታምቡሩን ገልብጬ አክስሉ ላይ መልሼ ዳዶውን አሰርኩና ያንተን ዘዴ ተጠቀምኩ፤ ይዤ ወደ ራሴ በኃይል ስነቀንቀው በአራተኛው ከነኩሽኔታው ወጣ።

ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደው የቆዳ ቀለበት ተገልብጦ ነው የተገጠመው። ከንፈሩ ወደ ውስጥ፣ ወደ ዘይቱ፣ መዞር ሲገባው ወደ ውጭ፣ ወደ ሸራው ዞሯል። እንዲህ ሲሆን ዘይቱን አያግደውም፣ መንገድ ይሰጠዋል። ገመዳ ተቀብሎኝ አየውና፣ ይህን የገጠመው ወይ ሰካራም ነው ወይ ልጅ ነው አለ። ልጅ ነው አልኩት። የማን ልጅ ብሎ ሲስቅ፣ የዘሃራ ልጅ አልኩት። የእናቴን ስም ያውቃል። ሳቁን አቆመና ዕቃ የሚሰበስብ መሰለ።

ወንድም ጋሼ፣ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ቀለበቱን እጄ ላይ ሳየው ሁሉም ነገር መጣልኝ። ያኔ አዲስ ዕቃ ገበያ ላይ አልነበረም። አንተ "ሌላ የለም፣ ያንኑ አጥበህ መልሰህ ግጠመው" አልከኝ። አየሁት፣ ከንፈሩ አልቋል። አባታችን ያለቀ ኮሌታ ፈትቶ፣ ገልብጦ፣ አዲስ አድርጎ ሲሰፋ እያየሁ አይደል ያደግኩት። አንድ ጎኑ ያለቀ ነገር ሌላ ጎን አለው ብዬ ገለበጥኩት። ጥሩ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ልነግርህም አስቤ ነበር፣ እንድታመሰግነኝ። ከዚያ ሌላ ደንበኛ መጣና ረሳሁት። እስከዚያ አርብ ድረስ አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ትዝ ብሎኝ ደብቄህ ቢሆን ኖሮ ያንንም እዚህ እጽፈው ነበር። እንደ እውነቱ ግን አንተ ሚስማር ስትል እኔም ሚስማር እያልኩ ኖርኩ። እያዘንኩልህ ነበር። ለአንዳንድ ሰው፣ ወንድሜ ጎበዝ መካኒክ ነበር፣ አንዲት ሚስማር ናት ያበላሸችው እያልኩ እናገር ነበር። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

እጄን ታጠብኩና ወይዘሮ አለም ጋ ገባሁ። ሻንጣ ሲያስጭኑ ነበር። ቁጭ እንዲሉ ለመንኳቸው። ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ቀለበቱን አሳየኋቸው፣ እንዴት መዞር እንዳለበት፣ እኔ እንዴት እንዳዞርኩት፣ ወንድሜ ግራውን ብቻ እንደሠራና ሁለቱንም የሠራሁት እኔ ነኝ ያለው እኔን ለመሸፈን እንደሆነ ነገርኳቸው። ቀለበቱን ተቀብለው መዳፋቸው ላይ አስቀመጡት። ይቺ ናት አሉ። አዎ አልኩ። የሚሰድቡኝ መስሎኝ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን፣ ያ ወንድምህ ያውቃል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አያውቅም አልኩ። እንግዲያው እኔ ዘንድ ምን ትሠራለህ፣ ለእሱ ንገረው አሉኝ።

ልወጣ ስል መልሰው ጠሩኝ። አንተን ለሚካኤል ከሰውህ ኖረዋል። ከሆስፒታል የወጡ ጊዜ በሰው ተደግፈው ደጁ ሄደው፣ ይፍረድልኝ ብለው አመልክተዋል፤ ከዚያም በዓመት በዓመት ያሳስባሉ። ስምህን ስለማያውቁት፣ ያ የወሎ መካኒክ እያሉ ነው። አሁን ክሱን ማንሳት አለባቸው፤ በሐሰት የከሰሱትን ሳያነሱ መሞት ደግ አይደለም አሉ። የሚያነሱት ደግሞ በስሙ ነው፤ ስለዚህ ስምህን ከነአባትህ ጠየቁኝ። ሰዓድ እንድሪስ አልኳቸው። ሁለቴ ደገሙት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና፣ አንተም እኮ የወሎ መካኒክ ነህ፣ ክሱ አልተሳሳተም ነበር ማለት ነው አሉኝ።

እሑድ ወደ ሚካኤል ደጅ ሄዱ። ሰኞ አዲሱን ቀለበት ስገጥም፣ በትክክለኛው ጎኑ፣ ከዘራቸውን ይዘው መጡና አጠገቤ ቆሙ። ስሙን ጠርቼ አንስቼለታለሁ አሉኝ። ቀጥሎ ምን እንደሚሉ ስለፈራሁ ቀና አላልኩም። ያንተን ስም በእሱ ቦታ አላስገባሁም አሉ። ሌላ ክስ የምጀምርበት ዕድሜ የለኝም፣ ደግሞ አንተ መጥተህ ተናግረሃል፤ የቀረውን ከወንድምህ ጋር ጨርሱ አሉ። ከዚያ ገመዳ ብሎን መሬት ላይ ስለበተነ ግቢዬን አጽዳ ብለው ተቆጥተውት ገቡ።

ትናንት ሐሙስ መኪናዋ ወጣች። እኔ፣ ገመዳና የገዢው ሁለት ሰዎች ገፋናት። አራቱም ጎማ ዞረ። ገዢው የግራውን ፍሬን አይቶ ይሄ አዲስ ነው ወይ አለኝ። አይደለም፣ በ1984 የተሠራ ነው አልኩት። አላመነኝም።

ይቅርታ ብዬ ልጽፍልህ ሁለቴ ሞክሬ ሁለቴም የመጻሕፍት ቃል መሰለብኝ። ስለዚህ ልታደርግልኝ የምፈልገውን ብቻ ልጻፍ። አንደኛ፣ እኔ ላይ የምትፈርደውን ፍረድ፤ አትጻፍልኝ፣ ስመጣ ንገረኝ። መንገዱ ሰላም ከሆነ ለመስከረም መጀመሪያ እመጣለሁ። ሁለተኛ፣ ኮምቦልቻ ላይ ሰው መኪናውን እንድታይለት ሲለምንህ እጄን ካነሳሁ ቆይቻለሁ እንደምትል ዓብዱ ነግሮኛል። ከእንግዲህ ያን አትበል። ካልፈለግክ አልፈልግም በል፤ ያ ያንተ ነው።

ለፈዲላ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ስታገባህ የሰው እግር የሰበረ መካኒክ መሆንህን ራስህ ነግረሃት ነው ያገባችህ፤ ከዚያ ወዲህ ያን ይዛ ነው የኖረችው። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ብቻህን አንብበህ ኪስህ ውስጥ እንዳታስገባው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብለህ አንብብላት። አንተ ድምፅህን ባትሰማውም እሷ ትሰማለች። ለዓብዱ ሰላም በልልኝ፣ እሱም ይቀመጥና ይስማ፤ ስለ አጎቱ የሚያውቀው ጥሩ ጥሩውን ብቻ ነው። ጎረቤትህን ሼህ ሙሄን ሰላም በልልኝ። ሀጀርና ሳና ሁላችሁንም ሰላም ይላሉ፤ ለሀጀር ነግሬያታለሁ፣ ለሳና ነገ እነግራታለሁ።

የእናታችንን ግንባር ሳምልኝ። አንተ ስታነብ እሷም ትስማህ አልልም፤ ለእሷ የምነግራት እኔ ነኝ፣ አንተ አጠገቧ ተቀምጠህ። እስከዚያ ከጠየቀችህ ሐሩን ደህና ነው፣ ሥራ ላይ ነው በላት።

ታናሽ ወንድምህ
ሐሩን እንድሪስ
ቦሌ ሚካኤል፣ አዲስ አበባ
አርብ፣ ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.